ከጎኔ ያለው አልጋ

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም።

መካኒሳ አቦ ካለው ቤቴ በሌሊት ተወስጄ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ ቁስሌ አብጦ ፋሻው ረጠበ። ነርሷን ብጠራት “የቀዶ ሕክምናው ሕመም ነው፣ ይለቅሃል” ብላኝ ሄደች። ሐኪሙም ፋሻውን ሳይገልጥ አለፈ። ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ “ጌታ ሆይ፣ አንተም ረሳኸኝ?” ብዬ አለቀስኩ።

ከጎኔ የተኙትን አዛውንት የምታስታምም አንዲት እናት ሰማችኝ። ፋሻዬን አይታ ደነገጠች፤ ተረኛውን ሐኪም ካላመጣሁ ብላ ወጣች። ሐኪሙ ሲገልጠው ቁስሉ መግል ቋጥሯል። በዚያው ሌሊት ተከፍቶ ታጠበ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለውን፣ 38 ዓመት የታመመውን ሰው አሰብኩ። ለጌታ የነገረው ስለ በሽታው ሳይሆን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለማጣቱ ነበር። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ታሪክ ያን ሌሊት ገባኝ። ጌታ አልረሳኝም፤ ሰው ልኮልኛል።

ነርሷን ይቅር ለማለት ወራት ፈጅቶብኛል። ይቅርታ ግን ዝምታ አይደለም፤ ሌላው እንዳይጎዳ ቅሬታዬን ለሆስፒታሉ በጽሑፍ አቀረብኩ።

ወገኖቼ፣ በሽተኛ ስትጠይቁ ጸልያችሁ ብቻ አትመለሱ። ትኩሳት እንዳለው፣ ቁስሉንም ማን እንዳየለት ጠይቁ። ከጎኑ ያለውንም አልጋ ተመልከቱ፤ ጠያቂ ያጣ ሊኖር ይችላል። እኔ ያቺን እናት ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ፤ ጌታ ግን ያውቃታል።