የአንዲት አምፖል የዘር ሐረግ

ባትሪ ሲሞት ሁሉም ሐኪም ነው። የአጎቴ አሮጌ ደብል ፒክአፕ ሰኞ ጠዋት አልነሳም ስትል አማን ከተማ በሰፈራችን ያለ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ባትሪው አርጅቷል ያለ አለ፤ ዲናሞው አይሞላም ያለ አለ፤ አንዲት እናትማ የሰው ዓይን ነው ብለው አማተቡ። አጎቴ ባትሪ ሻጩን ረገመ። መኪናዋ ተገፍታ ተነሳች፣ ነገሩም ተረሳ፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ።

ያኔ የተጠራው ወጣት ኤሌትሪሺያን ሞተሩን ትቶ ጣሪያውን አንጋጦ አየ። የውስጥ መብራቷ ደብዝዛ ቀልታለች። ቅዳሜ ማታ ዝናቡን ፈርተን ሸራ ስለምናለብሳት ማን ይያት! የ10 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 0.8 አምፔር ገደማ ትስባለች። በአዘቦት ቀን አንድ ሌሊት ብትበራ ዲናሞው በማግስቱ ይተካዋል፤ እሁድ መኪናዋ ቆማ ስትውል ግን ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 36 ሰዓት ነው፤ የባለ 60 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ ግማሽ ያህል። ለአሮጌ ባትሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሽማግሌ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር፣ ልጁ የአምፖሏን ዘር መቁጠር ጀመረ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ፖዘቲቩ ከፊውዙ ወጥቶ አምፖሏ ዘንድ ሁልጊዜ ይጠብቃል። የሚያበራት በበሩ ፍሬም ላይ ያለች ጎማ የለበሰች ቁልፍ ናት፤ በሩ ሲከፈት ብቅ ብላ ኔጌቲቩን ከቦዲው ታገናኛለች፣ ሲዘጋ ተጭና ትለያያለች። ቦዲው ራሱ ሽቦ ነው ማለት ነው። አምራቹ ሽቦ ቆጠበ፤ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዝናብ በማይጠፋበት በእኛ በአማን ደግሞ ዝገት ሽቦ ይቆርጣል።

«ዝገት ቢሆን ይጠፋል እንጂ አይበራም» አለ ልጁ፣ ቁልፎቹን በአውራ ጣቱ እየተጫነ። የኋላው ግራ በር ላይ ሲጫን አምፖሏ ድርግም አለች። ቁልፏ ንጹሕ ናት፤ በሩ ነው የማይደርስባት። ማጠፊያው ወርዷል። ማን አወረደው? ጀንፈል ቡና ሲጫን ጆንያውን በተከፈተው በር ላይ አስደግፈው የሚያርፉት ጫኞች።

እኔ ግን ወደ ላይ ብቆጥር እዚያ አላቆምም። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ ለአፄ ምኒልክ ያመጣት መኪና በእጅ ተዘውራ ነበር የምትነሳው፤ መብራት ስላደረ አልነሳም የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲገጥም ነው መብራትና ሞተር ከአንድ ባትሪ መብላት የጀመሩት። ባትሪ ሻጩ ያኔ አልተወለደም።

ልጁ የከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጦ፣ በሩ ላይ ቁልፏ የምታርፍበት ቦታ በማስቲሽ ለጠፈ። በሩ ሲዘጋ አምፖሏ ጠፋች።

«ማጠፊያውስ?» አለ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ቡናው ይለቅ። ዛሬ ባቃናው ነገ ይጭኑበታል።»

አጎቴ ከፈለ። ባትሪ ሻጩን መርገሙን ግን አልተወም።