ስድስት ወሩ ከየት መጣ?

ጎግል ላይ መገኘት የሚፈልግ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ «ውጤቱን መቼ አያለሁ?» ይላል። የኤስኢኦ (ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ የማድረግ ሥራ) ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ ደግሞ ተማክሮ የመጣ ይመስል አንድ መልስ አለው፦ ስድስት ወር። በዚሁ ሥራ ስለምተዳደር መልሱን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ስለ ቁጥሩ ያለኝን ጥርጣሬ ዛሬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እንደ እኔ ግምት ስድስት ወር የመጣው ከውል ነው። «ሦስት ወር» ያለ ባለሙያ በአራተኛው ወር ይጠየቃል። «ዓመት» ያለ ደግሞ ውሉ አይፈረምለትም። ስድስት ወር ደንበኛውን ሳያስደነግጥ፣ ባለሙያውንም ሳያስጨንቅ መሃል ላይ የሚያርፍ ቁጥር ነው፤ የግማሽ ዓመት ክፍያም ያስገኛል።

ጎግል ራሱስ ምን ይላል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2017 የወቅቱ የጎግል ባልደረባ ማይሊ ኦዬ፣ የኤስኢኦ ባለሙያ ስለ መቅጠር በሚናገር ቪዲዮ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚያስፈልግ ተናግራለች። ይህን ሁሉም ይጠቅሳል፣ ግን ግማሹን ቆርጦ። እሷ ያለችው ማሻሻያዎቹን መጀመሪያ ሥራ ላይ ለማዋል፣ ከዚያም ጥቅማቸውን ለማየት ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል ነው። ሥራ ላይ ማዋሉም በሂሳቡ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እናንተ ቢሮ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ለጎግል ተብሎ ከሚቆጠረው ጋር አብሮ እየተደመረ ነው።

ማሽኑን ለብቻው ብንወስደው ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይገናኝም። እስከ 2003 ገደማ ጎግል ማውጫውን፣ ማለትም ያገኛቸውን ገጾች የሚመዘግብበትን መዝገብ፣ የሚያድሰው በወር አንድ ጊዜ ያህል ነበር። በዚያ ሰሞን ደረጃዎች ለቀናት ወዲያና ወዲህ ስለሚዋልሉ የሙያው ሰዎች «ጎግል ዳንስ» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ነገር ያስተካከለ ሰው የሚቀጥለውን ዳንስ መጠበቅ ግዴታው ነበር። በ2010 «ካፌይን» የተባለው አሠራር ሲመጣ ገጾች በተገኙ ቁጥር ወደ ማውጫው መግባት ጀመሩ። ዛሬ ጎግል አዲስ ገጽ ለመጎብኘት፣ በራሱ መግለጫ መሠረት፣ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስድበታል። ሰርች ኮንሶል በተባለው የጎግል መሣሪያ ውስጥ ገብቶ «ይህን ገጽ እዩልኝ» ማለትም ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። ማሽኑ እንዲህ ከፈጠነ የእኛ ስድስት ወር ለምን አላጠረም?

አንድ የምናውቀውን ዓይነት አስጎብኚ ድርጅት እናስብ። ቢሮው ቦሌ ነው፤ ደንበኞቹ ጀርመንና አሜሪካ ናቸው። ሰርች ለእንዲህ ያለ ሰው ቅንጦት አይደለም፤ ፍራንክፈርት ተቀምጦ ስለ ዳናኪል የሚያስብ ቱሪስት የቴሌግራም ቻናላችንን ከየት ያውቀዋል? ውል ተፈረመ። በመጀመሪያው ሳምንት የዶሜይኑ ፓስወርድ ይጠየቃል። ዶሜይኑን ያስመዘገበው የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ነው፤ አሁን ካናዳ ነው ያለው፤ በየትኛው ኢሜይል እንዳስመዘገበው ረስቶታል። ሆስቲንጉ ደግሞ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ እጅ ላይ ነው፤ እሱም ቀሪ ክፍያ አለኝ ብሎ አኩርፏል። ይህ በሽምግልና ሲፈታ ፎቶ ይጠየቃል። የራሳቸው ፎቶ በሾፌሮቹ ስልክ ውስጥ ተበትኗል፤ ዌብሳይቱ ላይ ያለው ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ የቤተ ጊዮርጊሱ ፎቶ ጥግ ላይ የሌላ ድርጅት ስም በስሱ ይታያል። ጽሑፉም ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ስለሆነ አዲስ ተጽፎ ይላካል። «አለቃችን ይዩት» ይባላል። አለቃው መስክ ናቸው። ሲመለሱ የኤርታሌው ጽሑፍ ረዘመ ይላሉ፤ በምትኩ የድርጅቱ ራእይና ተልዕኮ ፊት ለፊት እንዲወጣ ይፈልጋሉ። (ጎግል ላይ ራእይና ተልዕኮ የሚፈልግ ቱሪስት እስካሁን አላጋጠመኝም።)

በዚህ መሃል ሦስት አራት ወር ይነጉዳል። ጎግል ገና ምንም አልቀረበለትም። በአምስተኛው ወር ገጾቹ ይወጣሉ፤ በስድስተኛው ስልክ ይደወላል፦ «ስድስት ወር ብላችሁን አልነበረም እንዴ?»

ይህን ስል ጎግልን ነጻ እያወጣሁት አይደለም። እሱም የራሱ መዘግየት አለው፤ እዚህ ላይ ቁጥር የሚወዱ ሰዎች በ2017 ኤችሬፍስ የተባለው የኤስኢኦ መሣሪያ አምራች ያወጣውን ጥናት ማየት ይችላሉ። ሁለት ሚሊዮን ገጾች ተመርጠው ሲታዩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ በአንድ ቁልፍ ቃል የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገቡት ከመቶ 5.7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የሚወጡት ገጾች አማካይ ዕድሜ ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። አስፈሪ ነው፤ ግን አብዛኛው ገጽ ማንም ሳይለፋበት የተጣለ መሆኑን አትርሱ።

አሮጌ ገጽ ለምን ይቀድማል? አንዱ ምክንያት በ2023 በአሜሪካ መንግሥትና በጎግል ክርክር ላይ ችሎት ፊት ወጥቷል። የጎግል ምክትል ፕሬዚዳንት ፓንዱ ናያክ «ናቭቡስት» ስለተባለው የጎግል ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ሲመሰክሩ፣ ሥርዓቱ የ13 ወር የተጠቃሚዎች ክሊክ መረጃ እንደሚጠቀም ተናግረዋል። ሰዎች በዚህ ሁሉ ጊዜ የትኛውን ውጤት ከፈቱ፣ የትኛው ላይ ቆዩ የሚለው ተመዝግቧል። ትናንት የወጣ ገጽ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። (አስጎብኚዎቻችን ዘመናቸውን ሁሉ የ13 ወር ጸጋ ሲሸጡ ኖረው ጎግልም በ13 ወር ማስላቱ ይገርመኛል።)

ዋናው ነገር ግን የምትወዳደሩበት ቃል ነው። «ኢትዮጵያ ጉብኝት» በሚለው፣ በእንግሊዝኛም ይሁን በጀርመንኛ፣ የምትገጥሙት ትልልቅ የጉዞ መጽሐፍ አሳታሚዎችንና የዓለም አቀፍ የቦታ ማስያዣ ድርጅቶችን ነው። እዚያ ዓመትም ላይበቃ ይችላል፤ ሐቁን ለመናገር አንዳንዴ ጭራሽ አይሆንም። «ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ስንት ሰዓት ይወስዳል» የሚለውን በደንብ የመለሰ ገጽ ግን እምብዛም የለም። መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ አስጎብኚ ዳገቱን፣ ማለዳ መነሳት የሚሻልበትን ምክንያት፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ ቢጽፍ በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ጥያቄውን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ግን ሊመጡ የቆረጡ ናቸው። በአማርኛ ከሆነማ ሜዳው ይበልጥ ክፍት ነው፤ ችግሩ ገዢው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ መሆኑ ነው። ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ።

ትዕግሥት ያጣ ሰው ደረጃው ቶሎ ከፍ እንዲል ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ራሱ የሚመራ ሊንክ ይገዛል። በ2011 የካቲት ኒውዮርክ ታይምስ የአሜሪካውን የሱቅ ሰንሰለት ጄሲ ፔኒን ጉዳይ ሲያወጣ፣ ድርጅቱ ለወራት፣ የገና ገበያውን ጨምሮ፣ ከቀሚስ እስከ አልጋ ልብስ ድረስ በብዙ ቃላት አንደኛ ሲወጣ ከርሞ ነበር። ምሥጢሩ ከጉዳዩ ጋር ምንም በማይገናኙ ድረ ገጾች ላይ የተበተኑ ሊንኮች ነበሩ። ድርጅቱ አላውቅም አለ፣ የኤስኢኦ ተቋራጩን አባረረ፤ ጎግል ግን ወደ ታች አወረደው። ጄሲ ፔኒ ትልቅ ስም ስላለው ተነሳ። ትንንሾቹ የተቀጡት በ2012 በመጣው «ፔንግዊን» ነው። ፔንግዊን በየጊዜው እየታደሰ የሚሠራ ማጣሪያ ስለነበር፣ በጥቅምት 2014 ዕድሳት የተያዘ ድረ ገጽ ሊንኮቹን በማግስቱ ቢያጸዳ እንኳ ቀጣዩ ዕድሳት የመጣው በመስከረም 2016 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። እንደ አቋራጭ ጊዜ የፈጀ መንገድ በዚህ ሙያ አላውቅም።

«አንደኛ አወጣሃለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚለውን ደግሞ ጎግል ራሱ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፦ ማንም ዋስትና መስጠት አይችልም። ደንበኞች ብዙ ጊዜ ኤስኢኦን እንደ ዕቁብ ያዩታል፤ በየወሩ ይጥላሉ፣ ዕጣው ቢዘገይም ይወጣል ብለው። ዕቁብ ግን ዳኛ አለው፣ የአባላቱም ቁጥር ይታወቃል። እዚህ ከናንተ በኋላ የገባው ቀድሟችሁ ሊወስድ ይችላል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች እስካሁን የጻፍኩት አያስፈራችሁ። የናንተ ሰዓት ሌላ ነው። ጎግል ማፕ ላይ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከተፈለገው ጋር መግጠም፣ ርቀትና ታዋቂነት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምግብ ቤት ሰዓቱን አስተካክሎ፣ የራሱን ፎቶ ጭኖ፣ ለደንበኞች አስተያየት መልስ እየሰጠ ከቀጠለ በአካባቢው ላሉ ፈላጊዎች ለመታየት ግማሽ ዓመት መጠበቅ የለበትም። አንድ ነገር ግን ይገርመኛል፦ የጾም በያይነቱን በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ እየሠራን ሜኑው ላይ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ለመጻፍ እንሰንፋለን። ጎረቤቱ አሜሪካዊ የሚፈልገው በዚያ ስም ነው።

እንግዲህ ገንዘብ እየከፈለ ያለ ሰው እንዴት ይወቅ? ደረጃውን ትቶ ሰርች ኮንሶልን ይክፈት፤ ባለሙያው መግቢያውን ካልሰጠው እዚያው ላይ ይጠርጥር። መጀመሪያ የሚታየው ገጾቹ ማውጫው ውስጥ መግባታቸው ነው። ከዚያ ጠበብ ባሉ ቃላት ላይ ኢምፕሬሽን፣ ማለትም በውጤት ዝርዝር ውስጥ የመታየት ብዛት፣ መነሳት ይጀምራል። ክሊክ ከዚያ በኋላ ነው፣ ስልክ ደግሞ ከክሊክ በኋላ። ገጾቹ ከወጡ አራት ወር አልፎ ኢምፕሬሽኑ እንኳ ካልተነቃነቀ እኔ ብሆን ክፍያውን አቆማለሁ። ጎግል በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያደርጋቸውን ትልልቅ ዝመናዎች መጠበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እውነት ነው። ለዓመታት ሰበብ መሆን ግን አይችልም።

ለአስጎብኚዎች የምመክረው ወሩን ከውሉ ሳይሆን ከወቅቱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ነው። ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ ቱሪስት ትኬቱን የሚቆርጠው በታኅሣሥ አይደለም፤ ፈቃዱን ከወራት በፊት አስፈቅዷል። እሱ ሰርች በሚያደርግበት ሰሞን ገጹ ታሪክ ሊኖረው ከተፈለገ ካለፈው ጥምቀት ማግስት መጻፍ መጀመር አለበት። ሆኖም ኅዳር ላይ ደውሎ «ለጥምቀት አድርሱልን» የሚል አይጠፋም። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካለው የጎግል ማስታወቂያ ይግዛ፤ በቀናት ውስጥ ይታያል፣ ክፍያው ሲቆም አብሮ ይጠፋል። ኤስኢኦውን ለሚቀጥለው ዓመት እንጀምርለታለን፤ እስከዚያው የእህቱ ልጅ ያን ኢሜይል ይፈልግ።