አልበረረችም፤ እሁድ ትበራለች

አልበረረችም። ከጠዋት ጀምሮ «እንዴት ሆነች?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። ፀሐይ የምንላት ሞዴል አውሮፕላናችን ደህና ናት። ክንፏም ጅራቷም ሙሉ ነው። አሁን ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድማለች፤ ባለቤቴ እስካሁን ምንም አላለችም፣ እግዜር ይስጣት።

ቼሪ ክሪክ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳው ላይ በጠዋት ደረስን። እኔ ክንፏን ሳስር፣ ልጄ ሪሞቱን አቅፋ ስትጠብቅ፣ ከኛ ቀድሞ የመጣ አንድ ወጣት አዲሷን አውሮፕላኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣ። ከመሬት ለቀቀችና ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለች። ልጁ ሊያቀናት ወደ ቀኝ ገፋ፤ ባሰባት። አብዝቶ ወደ ቀኝ ሲገፋ ጭራሽ ወደ ግራ ተገለበጠችና በክንፏ መሬቱን መታች። ሁሉም ነገር በዐሥር ሰከንድ ውስጥ አለቀ።

ኤሌሮኖቹ፣ ክንፏ ላይ ያሉት ወደ ጎን የሚያዘነብሏት ክፍሎች፣ ተገላቢጦሽ ነበር የሚሠሩት። ቀኝ ሲባሉ ግራ፣ ግራ ሲባሉ ቀኝ። ሪሞቱ ውስጥ አንድ ምርጫ ቢቀየር የሚስተካከል ነገር ነው። ወጣቱ የብርዱን ወራት በሙሉ ሲሠራት ከርሟል። ስብርባሪውን ሲለቅም አንድም ሰው አልሳቀበትም፤ የሜዳው ሽማግሌዎች ሄደው አብረውት ለቀሙ። ልጄም ሄደች። ፕሮፔለሩን ሣር ውስጥ ያገኘችው እሷ ናት።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። እኛም ጠቅልለን ተመለስን።

አሁን «ምን ታካብዳለህ፣ ወርውራትና ትብረር» ላላችሁኝ። በፍቅር እንዳላችሁት አውቃለሁ፤ ግን እስቲ ስሙኝ። እንዲህ ያለች አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራዋ ላይ የሚገጥማት ችግር አብዛኛው መሬት ላይ እያለች የነበረ ነው። ሰማይ ላይ የሚፈጠር አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ሚዛኗ። ክንፏን ከሥር በሁለት ጣት ደግፈህ ታነሣታለህ። ጣትህ የሚያርፈው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ የክንፉን ስፋት ሩብ ያህል አልፈህ ነው፤ ቢበዛ ሲሶው ድረስ። እዚያ ላይ ቀጥ ካለች ወይም አፍንጫዋን ዝቅ ካደረገች ጥሩ ነው። ጅራቷ ወደ ታች ከወረደ ግን እንዳትሞክራት። ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን ሪሞቱን ገና ስትነካው ሽቅብ ትወጣለች፣ ስትመልሳት ቁልቁል ትወርዳለች፣ እጅህ አይደርስባትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት። ፀሐይን ትናንት ማታ ያነሣኋት ከነባትሪዋ ነው፤ ባዶዋን መመዘን ዋጋ የለውም።

ከዚያ የከተማችን ነገር አለ። ዴንቨር 1609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲገባ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ የወጣህ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ላይ ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ያንሳል፣ ፕሮፔለርም የሚስበው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመነሣትም ለማረፍም የበለጠ መፍጠን አለባት። ቨርጂኒያ ያላችሁ ወንድሞቼ «የኛዋ እኮ በቀስታ ነው የምታርፈው» ስትሉኝ የማልቀበላችሁ ለዚህ ነው። እናንተ ወፍራም አየር ላይ ናችሁ! እኔ በጠዋት የምሄደውም ለዚሁ ነው፤ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱም አልነቃም።

የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ደግሞ አንድ በአንድ በእጅ ነው የምፈትሸው። ማጠፊያዎቹን ሳብ፣ ከሰርቮው፣ ከሚያንቀሳቅሳቸው ትንሽ ሞተር፣ የሚመጣውን ሽቦ ነቅነቅ፣ ቡሎኑን በጥፍር። ዓይን ይታለላል። ይህን ያስተማረኝ አባዬ ነው።

ስለ አባዬ ከዚህ በፊት ጽፌላችኋለሁ፤ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል፣ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት መካኒክ። አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። አባዬ አውሮፕላን እየዞረ ሲፈትሽ ከማንም ጋር አያወራም ነበር። ሰው ካናገረው፣ አለቃውም ቢሆን፣ ተመልሶ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ይጀምራል። ቤታችን ውስጥ ሳይቀር በሩን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን ሲያይ እማዬ ከጠራችው ከበሩ እንደገና ይጀምር ነበር። እኔም ትናንት ማታ እንደዚያው አደረግኩ። ልጄ ሁለቴ አቋርጣኝ ሁለቴ ከአፍንጫው ስጀምር አይታ፣ በሦስተኛው ጊዜ ወረቀት ላይ «እያወራሁ አይደለም፣ ግን እራት ደርሷል» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። እስክደርቅ ሳቅኩ። ሳቅ መቋረጥ ይሁን አይሁን አባዬ አልነገረኝም፤ ለማንኛውም ከአፍንጫው ጀመርኩ።

እና አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። በቅርቡ እዚሁ አንድ አዳራሽ ውስጥ የአየር ኃይላችን ጀግኖች መታሰቢያ ተብሎ ተጠርተን ሄድን። ግድግዳው ላይ የአብራሪዎች ፎቶ ነበር። ይገባቸዋል፣ ከልቤ ነው የምለው። ሶማሊያ 11 ዓመት የታሰረውን የአብራሪውን የለገሠ ተፈራን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ግን ከመጀመሪያው ንግግር እስከ መጨረሻው ስለ መካኒክ አንዲት ቃል አልተነገረም። ስለ ጫኙ፣ ነዳጅ ስለሚሞላው፣ ስለ መሣሪያ ባለሙያው አንዲት ቃል! በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታዋን አቋረጠች፤ ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ የመጣው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። እነዚያ ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ያወረዱት መለዋወጫቸው ከአሜሪካ በማይመጣበት ጊዜ ነው። ታዲያ በየጠዋቱ ማን አስነሣቸው? ክንፍ ሥር ተኝቶ ያደረ ሰው አለ። እጁ በነዳጅ የተላጠ ሰው አለ። «ይህች አውሮፕላን ትበራለች» ብሎ ስሙን ጽፎ የፈረመ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነፍስ በፊርማው ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ። አባዬ 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ቤቱ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሰው መኪና እየጠገነ ነው ያሳደገን። የመኪና ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስ እንኳ ዞሮ ያየው ነበር፣ ዝም ብሎ፣ ከፊት ጀምሮ።

ልጄ ክንፏ ላይ «ፀሐይ» ብላ ስትጽፍም ይኸው ነገር ነው የመጣብኝ። የፊተኛዋ ፀሐይ፣ በ1928 ዓ.ም. አገራችን ላይ የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየሙ ውስጥ ያስቀመጣት፣ ጥር 2016 ላይ የተመለሰችልን። የጀርመናዊውን መሐንዲስ የሉድቪግ ዌበርን ስም ዛሬ ብዙዎቻችን ተምረነዋል፤ ደግ ነው። አብረውት የሠሩትን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ስማቸውን የሚጠራልኝ ማን ነው? ልጄ ጠየቀችኝ። አንድም ስም አልሰጠኋትም።

ተናድጄ ከመስመር ወጣሁ መሰለኝ። ወደ ፀሐይ ልመለስ።

እሁድ የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ አውሮፕላኗ፤ ሲጠፋ በተቃራኒው። ልጄ ከኋላ አጥብቃ ትይዛታለች። ከጅራቷ በኩል ቆሜ ወደ ቀኝ ስገፋ የቀኙ ኤሌሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች። ወደ ራሴ ስስብ የጅራቷ ኤሌቬተር ወደ ላይ። ልጄ ጮክ ብላ ያየችውን ትናገራለች፤ እኔ የፈለግኩትን ሳይሆን ያየችውን። ከዚያ ሪሞቱን ወደ ደካማ ኃይል መሞከሪያው አድርጌ ሠላሳ እርምጃ ርቄ ሁሉንም እደግማለሁ። በመጨረሻ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሪሞቱን አጠፋለሁ፤ ሞተሩ በራሱ ካልቆመ በረራ የለም፣ ወደ ቤት ነው። ባትሪው ሦስት ሴል ነው፣ 12.6 ቮልት ድረስ ሞልቶ። የምዝገባ ቁጥሯ ጎኗ ላይ ተለጥፏል፤ ከ250 ግራም በላይ ስለሆነች ግዴታ ነው። ሪሞቱ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይጮኻል፤ የመጀመሪያው በረራ ከዚያ አይረዝምም።

የዛሬውን ወጣትም ጠርቼዋለሁ። እሁድ መጥቶ ከጎኔ ቆሞ ኤሌሮኖቹን በዓይኑ እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። እሺ ብሎኛል። ከእንግዲህ ያን ነገር እንደሱ የሚያይ ሰው ሜዳው ላይ የለም።

አባቶቻችሁ፣ አጎቶቻችሁ፣ እናቶቻችሁም፣ ደብረ ዘይትም ይሁን አሥመራ ወይም ድሬዳዋ፣ አውሮፕላን ሲጠግኑ፣ ሲሞሉ፣ ሲፈትሹ የኖሩ ከሆነ ስማቸውን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ማዕረጉ ቢቀር ችግር የለውም፤ ስሙን ብቻ። ልጄ በትንሹ ጽፋ ከክንፏ ሥር ታሰፍራቸዋለች፤ ቦታ አለ፣ ለክቻለሁ።

አውሮራ ያላችሁ ደግሞ፣ እሁድ ቪዲዮ የሚቀርጽልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ስፈትሽ የማያናግረኝ ይሁን።