የወይዘሮ ጆርጂያ ቅዳሜ ምሽቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ልጁን ሊጠይቅ የሄደ ወላጅ ዩ ስትሪትንና ዘጠነኛ ጎዳናን ሳያይ አይመለስም። እንጀራው፣ ክትፎው፣ በአማርኛ የተጻፈው የሱቅ ማስታወቂያ እዚያ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ልጄ ዘንድ ስሰነብት ቡና ባማረኝ ቁጥር እግሬ ወደዚያው ነበር። ከዚያ ሁለት መንገድ ወደ ደቡብ ወርደው ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲራመዱ፣ ኤስ ስትሪት ላይ ቁጥር 1461 የሆነ ቤት አለ። የግል መኖሪያ ስለሆነ ከውጭ ቆሞ ማየት እንጂ መግባት የለም። እኔ ግን ከከተማው ነጫጭ ሐውልቶች ሁሉ እሱን ወደድኩት።

እዚያ የኖረችው ጆርጂያ ዳግላስ ጆንሰን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ገጣሚ ናት። በእነሱ አቆጣጠር በ1910 ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ወደ ከተማዋ መጣች፤ በ1925 ባሏ ሞተባት። ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራች ልጆቿን አስተማረች፤ ቅዳሜ ማታ ሳሎኗን ለገጣሚዎችና ለጸሐፊዎች ትከፍት ነበር። ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ በመንጋ በሚገደልበት ዘመን ስለዚያ ግፍ ቴአትር ጽፋለች። በአንድ ግጥሟ ደግሞ አንዲት እናት ገና ያልተወለደ ልጇን ታነጋግራለች፤ ዓለም ጨካኝ ናትና አሁን አትምጣ ትለዋለች። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አንብቦ ቶሎ ገጹን አይገልጥም።

ያን ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ አኩርፎ ከትምህርት ቤት መጣ። አንድ ልጅ «እጅህ ቆሻሻ ነው፣ ታጠብ» ብሎታል፤ የቆዳውን ቀለም ማለቱ ነው። ቤት የነበረ እንግዳ «አንተ እኮ ሐበሻ ነህ፣ ጥቁር ሲሉ አንተን አይደለም» ብሎ አጽናናው። ይህ አባባል በየቤታችን አለ፤ እኔ አልወደውም። ተሳዳቢ ፓስፖርት አይጠይቅም። ደግሞስ ምግብ ቤት የከፈትንበትን ሰፈር ቀድሞ ያቀናው ማን ሆነና ነው?

ቅዳሜ ልጁን ይዤ ቤቱን አሳየሁት። ከዚያ 14ኛ ጎዳና ላይ በ2005 ወደተከፈተው «ባስቦይስ ኤንድ ፖየትስ» ገባን፤ «ሳህን አንሺዎችና ገጣሚዎች» እንደማለት ነው። ስሙ የላንግስተን ሂዩዝ መታሰቢያ ነው። ሂዩዝ የወይዘሮ ጆርጂያ የቅዳሜ እንግዳ ነበር፤ በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ በተነሳችብን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የገጠመውም እሱ ነው።

«ሳህን ያነሳ ነበር?» አለኝ ልጁ።

«አዎ፣ ዋርድማን ፓርክ በሚባል ሆቴል። በ1925 ቬቸል ሊንድሴይ የሚባል ዝነኛ ነጭ ገጣሚ እዚያ አረፈ። ሂዩዝ ሦስት ግጥሞቹን በወረቀት ጽፎ ሰውየው ራት ሲበላ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠለትና ሄደ። ሊንድሴይም ማታ በሆቴሉ አዳራሽ ለተሰበሰበው ሰው አነበባቸው።»

«ሲያጨበጭቡለት ደስ አለው?»

«አልነበረም። አዳራሹ ጥቁር አያስገባም ነበር።»

ልጁ ሹካውን አስቀመጠ። «የራሱን ግጥም?»

«የራሱን። በማግሥቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ጋዜጣ ገዝቶ ነው ያነበበው።»

ጥቂት ዝም አለና አስተናጋጇን እስክሪብቶ ጠየቃት። የጻፈውን አላሳየኝም፤ ሰኞ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሰው እንዳለ ብቻ ነገረኝ።