የቦሎኛዋ አያት

የጣሊያኗ ቦሎኛ በረንዳ የበዛባት ከተማ ናት። በመንገዶቿ ዳር ያሉት ባለ ዓምድ በረንዳዎች ርዝመታቸው ሲደመር 62 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከእነርሱ የተመረጡት በ2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዝናብ ቀን እንኳ ዣንጥላ ሳይዙ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ። ልጄ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው።

የልጅ ልጆቼ ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤት «ኖና» ይሏቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔ በዓመት አንዴ የማያቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።

የከተማዋ የገና ምግብ ቶርቴሊኒ ነው፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ያለበት፣ በመረቅ የሚቀርብ ትንንሽ ጥቅል ፓስታ። የእነርሱ ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል እኛ የነቢያትን ጾም አልጨረስንም። ኖና መጀመሪያ ሲጋብዟት ልጄ ሰበብ አልፈጠረችም፤ የማይበሉትንና ምክንያቱን በግልጽ ነገረቻቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። በሽንብራ፣ በወይራ ዘይትና እኛ የጥብስ ቅጠል በምንለው ለብቻ ፓስታ ሠሩላቸው።

አምና ታኅሣሥ 29 እዚያው ነበርኩ። ኖና ከልጃቸው ጋር መጥተው ከእኛ ጋር ዶሮ ወጥ ቀረቡ። በመጀመሪያው ጉርሻ ደንገጥ አሉ፤ ሁለተኛውን ግን አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። የልጅ ልጆቼ በሳቅ ፈነዱ።

ባሕር ማዶ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ጾማቸውን ከጎረቤት እንዳይደብቁ ምከሯቸው። በጾማቸው ምክንያትም ከሰው ገበታ አይራቁ። አያት በሩቅ ላለው ልጅ፣ ቅርብ ያለች ኖና በረከት ናት።