የአክስቴ ልጅ ሙስታንግ

ሱፐርቻርጀር የሚባለውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የነካሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል፤ ሚስቱ ረከቦቱን የምታሳርፍበት አጥታ ቆማለች። እሱ ማንንም አያይም። ብረቱን እያገላበጠ፣ «ቅዳሜ እንገጥመዋለን፣ እሁድ እንነዳለን» ይላል። አሜሪካ ከገባሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። መካኒክ መሆኔን ያውቃልና የቀረውን ነገር ሁሉ ለእኔ ትቶታል።

ቀን ቀን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ልቡ ግን ያለው ጓሮው ከቆመችው ሙስታንግ ዘንድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1989 የተሠራች፣ ባለ 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 225 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ናት። ያ ጉልበት ለማንም ሰው ይበቃል። ለእሱ አልበቃውም።

እኔ ስለዚህ ዕቃ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሙያውን የለመድኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ፣ በሴቼንቶና በቮልስ ላይ ነው። አለቃችንን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ መሣሪያ ከማንሳታቸው በፊት ጆሯቸውን ያስቀድማሉ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አንድ ሞተር እዚያ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚስበው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ካንዴላው ትንሽ ቀደም ብሎ እሳት እንዲሰጥ ታይሚንጉን ያስቀድሙታል። ድሬዳዋ ሊወርድ የመጣ ደንበኛ ካለ ግን፣ «ና፣ ሳልመልስልህ እንዳትሄድ» ብለው ይጠሩታል። ያልሰማቸው ሰው አዋሽ ሲደርስ ሞተሩ መንጣጣት ይጀምራል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑን የሚመታው እሱ ነው። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ጆሮ አይረሳውም።

ከካርቶኑ የወጣውን ወረቀት ያነበብኩት ያንን ድምፅ እያሰብኩ ነው። ዕቃው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይዞርና አየር አምቆ ያስገባል፤ በካሬ ኢንች 8 ፓውንድ ያህል። ተራው የባሕር ዳርቻ አየር 14.7 ነው። እንግዲህ ሞተሩ ከለመደው ላይ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ የአየር ግፊት ሊጎርስ ነው ማለት ነው። ነገሩን በእኛ አገር ቁልቁለት መለካት አማረኝ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ናት። ይህን ያህል ግፊት በቁልቁለት ብቻ ለማግኘት ግን ከባሕር ወለል በታች ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መውረድ ሊያስፈልግ ነው! ለአዋሽ ቁልቁለት ያን ያህል የሚጠነቀቁት ጋሼ ይህንን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን አልኩ። ለአክስቴ ልጅም፣ «ቅዳሜ የሚሆን ነገር የለም፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይውረድ» አልኩት። ኩርፊያው እስከ እሑድ ቆየ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲሊንደር የሚሞርዱ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረን ሌላ ታክሲ ነጂ ነው። የአክስቴ ልጅ ገና ከበሩ «ፋዘር» ብሎ ጀመራቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። መደርደሪያቸው ላይ አቧራ የጠጣ ትልቅ የአሉሚኒየም ዕቃ ተቀምጧል። ከዲትሮይት ዲዝል ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ የተፈታ ነው። ያ ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ የተቃጠለውን ጭስ ገፍቶ የሚያስወጣለት ነፋሽ ካልተገጠመለት አይሠራም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያደርሱ ጀልባዎችን የገፋ ሞተር ነው። ከጦርነቱ በኋላ እሽቅድድም የሚወዱ ወጣቶች ነፋሹን እየፈቱ እንደ ሱፐርቻርጀር በቤንዚን ሞተር ላይ ይጭኑት ጀመር። የዚያ ዓይነቱን ነፋሽ ንድፍ ኢንዲያና ውስጥ የሩትስ ወንድማማቾች በ1860 በስማቸው አስመዝግበውታል። ያኔ ቤንዚን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ የያዝነው ሌላ ዓይነት ነው፤ ጉልበቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚወጣ። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው አነሱት፣ አዩት፣ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ሞተሩ ሆነ።

ሲሊንደሮቹ ተበልተው ስለነበር በ0.76 ሚሊሜትር አሰፏቸው። ፒስተኖቹ አናታቸው ጎድጎድ ያለ፣ በቅጥቀጣ የተሠሩ እንዲሆኑ አዘዙ። የድሮዎቹም የተቀጠቀጡ ነበሩ፤ ሽማግሌው የፈለጉት እምቅታው ከ9 ለ1 ወደ 8.5 ለ1 እንዲወርድ ነው። ጉልበት ሊጨመር የመጣ ሞተር መጀመሪያ ሲቀነስበት ማየት የአክስቴን ልጅ አሳመመው። እኔ ግን ገባኝ፤ ይህ የጋሼ ታይሚንግ መመለስ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ የፒስተን ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ጫፎቹ የሚተዉት ክፍተት እኛ ጋራዥ ሰፋ ካለ «አልቋል» ተብሎ የሚጣልበት ምልክት ነበር። ሽማግሌው አዲሱን ቀለበት በእጃቸው ሞረድ እየገፉ ሆን ብለው ያሰፉታል! ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡታል፤ ፒስተኑን ገልብጠው እየገፉ ያስተካክሉታል፤ በስስ የብረት መለኪያ ይለኩታል፤ አውጥተው እንደገና ይሞርዱታል። ከግማሽ ሚሊሜትር አለፍ እስኪል ድረስ። ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ሙቀቱ ስለሚበዛ ቀለበቱ ይለጠጣል፤ ጫፎቹ ከተገናኙ መሄጃ አያገኝም፣ የፒስተኑን ጠርዝ ሰብሮ ይወጣል። ይህን በቃል አላስረዱኝም። ከመሳቢያቸው ጠርዙ የረገፈ ፒስተን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና ሞረዱን ሰጡኝ። የቀሩትን ቀለበቶች እኔ ጨረስኩ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ እጄ እንደ እጅ የታመነበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው፤ በዚያች አገር ሰው መሆን የጀመርኩትም ከዚያን ቀን ወዲህ ይመስለኛል።

በካምሻፍቱ ጉዳይ ጠብ ሊነሳ ነበር። የአክስቴ ልጅ የሚፈልገው ሚኒሞ ላይ የሚንገጫገጭ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ሲቆም ሰው ዞር ብሎ የሚያይለት ዓይነት ነው። ያ ድምፅ የሚመጣው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ለረጅም ጊዜ አብረው ተከፍተው ስለሚቆዩ ነው። ሽማግሌው፣ «በገንዘብህ የገዛኸው አየር በማርሚታ በኩል እንዲወጣ ትፈልጋለህ?» አሉት። የተገጠመው ጸጥ ያለው ሆነ። የቴስታታው ቡሎኖች በጠንካራ ተለወጡ፤ የቤንዚን መርጫዎቹና ፓምፑም በትልልቅ። ታይሚንጉ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ግፊት አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። ሱፐርቻርጀሩ ራሱ? የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳች ቀን ጠዋት ብርድ ነበር፤ ሞተሩ ከውስጥ ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሌው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እንደዚያ ያለው ፒስተን ሲሞቅ ብዙ ስለሚሰፋ ሲበርድ ልል ሆኖ ይገጠማል፤ ሙቀቱ ሲገባው ድምፁ ጠፋ። ሽቅብ ባለ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን አሾልኬ የአዋሹን ድምፅ ፈለግኩ። የለም። ያለው የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት ብቻ ነው። በኋላ አክስቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣ፣ «ልጄ፣ ይኸ የቀበሌ ወፍጮ ነው እንዴ የገጠምክበት?» አለችው። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

ዓመት ሳይሞላ ትንሽ ፑሊ ገዝቶ መጣ። ፑሊው ካነሰ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የዚያ ሞተር ብሎክ ደግሞ 500 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ መሃል ለመሃል እንደሚሰነጠቅ ሙያተኛ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ፑሊውን ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቆለፉት። መኪናዋ ሁለተኛ ልጁ ሲወለድ ተሸጠች፣ ሞተሯ እንዳለ። እስካሁን ክርስትናም ሆነ ሠርግ ላይ በተገናኘን ቁጥር፣ ጠጁ ሁለተኛ ዙር ሲመጣ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ያቺን ፑሊ ግን ብንገጥማት ኖሮ…» ይለኛል።