የአባቴ ትከሻ የሸፈነው ቁጥር

ድሬዳዋ፣ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የተነሳው ነው። ቱታውን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ በእጁ እንደያዘ ሎኮሞቲቭ ፊት ቆሟል። የሎኮሞቲቩ ቁጥር ትከሻው ጀርባ ስለዋለ የሚነበበው የመጀመሪያው አሃዝ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ፎቶ በየቀኑ አየው ነበር። ግን አንድም ቀን «ይቺ ማሽን የትኛዋ ናት?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ጥያቄውን ያስጀመረኝ አየርላንድ ነው።

ዘንድሮ የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ከለንደን ተነስቼ ለሦስት ቀን ደብሊን ሄጄ ነበር። የባቡር ሰፈር ልጅ ነኝና ጣቢያ አይቼ ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያው ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ኮኖሊ ጣቢያ ገባሁ። ፕላትፎርሙ ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ወደ ቤልፋስት የሚሄደው ኢንተርፕራይዝ ባቡር መነሻው ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ቶሎ አላነሱም። ተሳፋሪው ሁሉ እስኪገባ ጠበቁ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ብቻ አነሱ። ወዲያው ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው የሎኮሞቲቩን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ጻፉ። እኔ በዚያው ጊዜ አርባ ፎቶ አንስቼ ነበር። አንዱም ላይ ግን ቁጥሩ በደንብ አይነበብም።

«መጀመሪያ ቁጥሯን ያዝ» አሉኝ። «ቁጥር የሌላት ማሽን ስም እንደሌለው ሰው ናት።»

ከዚያ ስለ ሎኮሞቲቯ አጫወቱኝ። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 201 የሚባሉት እነዚህ ሎኮሞቲቮች ካናዳ ውስጥ በጄኔራል ሞተርስ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያዋ በ1994 አየርላንድ የገባችው በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭና ነው፤ ክብደቷ ከ100 ቶን በላይ ነው! እያንዳንዷ በወንዝ ስም ተሰይማለች፤ ስሙ በአንድ ጎኗ በአይሪሽ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ይህን ስሰማ ልቤ አገር ቤት ሄደ። አዋሽ የምትባል ሎኮሞቲቭ ብትኖረን ምን ያህል ደስ ባለኝ!

በማግስቱ ወደ ኮርክ ለመሄድ ሂውስተን ጣቢያ ገባሁ። ይህ ጣቢያ የተሰየመው በሾን ሂውስተን ነው። ሂውስተን የባቡር ድርጅት ጸሐፊ ነበር፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሳው የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ በኋላ በ25 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። በ1966 ጣቢያው በስሙ ተጠራ። ኮርክ ስደርስ ደግሞ በ1847 የተሠራችው 36 ቁጥር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻንጣ የሚጎትት ሰው በአጠገቧ ያልፋል፤ ልጆች ቆመው ያዩዋታል። ፎቶ ለማንሳት ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም።

አገር ቤት እንዲህ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ጣቢያ በር ላይ ካሜራዬን ገና ከቦርሳዬ ሳወጣ ጥበቃው «ክልክል ነው» ብሎ መለሰኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ክልከላው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቻችን እየተመቱ መስመሩ ተቆርጧል። ባቡር የአገር የደም ሥር በሆነበት ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው ቢጠረጠር አይገርምም። ችግሩ ጦርነቱ አልፎ ጥርጣሬው መቆየቱ ነው። ዛሬ የነዚያን አሮጌ ማሽኖች ፎቶ ስፈልግ ብዙውን ጊዜ የማገኘው የውጭ ጎብኚዎች ያነሱትን ነው።

እኛ ፎቶ አናነሳም ማለቴ ግን አይደለም። እናነሳለን፤ የምናነሳው ግን ሰውን ነው። ሙሽሮች፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ወንድም፣ ሻንጣው ላይ የተቀመጠ ሕፃን በፎቶው ይኖራሉ፤ ባቡሩ ከኋላቸው ግድግዳ ነው። አየርላንድ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማሽኗ ከነቁጥሯ ትታያለች፣ ሰው ግን የለም።

ይህን ያሳዩኝም እኚያው አዛውንት ናቸው። ኮኖሊ ጣቢያ ከመለያየታችን በፊት ስልኬ ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ አሳየኋቸው። ቁጥሩን ይፈልጋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፎቶውን በጣታቸው አጉልተው አባቴ እጅ ላይ ያለውን ጨርቅ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «እኔ የመካኒኮች ፎቶ የለኝም» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከፊቴ ዞር እስኪሉ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

ከጅቡቲ የተነሳው መስመራችን በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ የአየርላንዱ ከዚያ በ60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። አሮጌውን መስመር በእጃቸው የጠገኑት ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ የምድር ባቡር ፎቶ ካለ ዛሬ ከግድግዳው አውርዱት። ማን እንደሆነ፣ የት እንደቆመ፣ መቼ እንደተነሳና ቁጥሩ ከታየ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጻፉ። የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉለት።

እኔም ለንደን እንደተመለስኩ ከአባቴ ጋር ይሠሩ ለነበሩ አንድ ጋሼ ደወልኩ። ማሽኗን አላስታወሷትም። «ጨርቁን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ፤ «አባትህ ፎቶ አንሺው ሲመጣ እንኳ ከእጁ አልጣለውም፣ ማሽኗን ገና እየወለወለ ነበር።» የፎቶ አንሺውን ስምና ዕለቱ ቅዳሜ እንደነበር ነገሩኝ። እናቴ ይህን ሁሉ በእርሳስ ጀርባው ላይ ጽፋልኛለች። «ቁጥር» ከሚለው ቃል ፊት ያለውን ቦታ ባዶ እንድትተወው ነግሬያታለሁ።